የልጄ እግር ላይ ያለው ሙጀሌ ይሆን? ከሀገር ቤት ከተመለስን 9 ቀናችን ነው

የናቲ እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ናችሁ? እዚህ ቤት አንባቢ ነኝ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨነቀኝ። አሁን እዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ለገናና ለጥምቀት ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ሀገር ቤት ገብቼ ነበር። አዲስ አበባ አራት ቀን ብቻ ነው የቆየነው። የቀረውን ጊዜ ከይርጋለም ወጣ ብሎ ባለው ባያቴ ቤት አሳለፍን። ቡናው ተለቅሞ ያለቀበት፣ ግቢው የደረቀበት ጊዜ ነው። አቧራው እንደ ዱቄት ነው። የ9 ዓመቱ ናቲ በሁለተኛው ቀን ጫማውን ወርውሮ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሲያባርር ዋለ። እኔም ደስ አለኝ። «ልጅህ ሀገሬው ሆነ» ብዬ ፎቶ አንስቼ ላባቱ ላክሁለት። አሁን ያንን ፎቶ ስከፍተው የማየው እግሩን ብቻ ነው።

ልንመለስ ስንል የግራ እግሩን ትንሿን ጣት ማከክ ጀመረ። ትንኝ ነው አልኩ። አውሮፕላን ውስጥ ካልሲውን አውልቆ ጣቱን ከወንበሩ እግር ጋር ያፋትጋል። «ምነው?» ስለው «ማሚ፣ ሳከው ደስ ይላል» አለኝ። ያኔ አንድ ነገር ውል አለብኝ። ግን ተውኩት።

ቤት በገባን በአምስተኛው ቀን በደንብ አየሁት። ከጥፍሩ ጎን አተር የምታህል ነጭ ክብ ነገር ወጥታለች። መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፣ በቀጭን እስክሪፕቶ የተነካ ነው የሚመስለው። ዙሪያዋ ቀላ ብሏል። ተረከዙ ላይም ሌላ አለ፣ እሱ ገና ትንሽ ነው። ጫማ ሲያደርግ ያነክሳል።

ያለቀጠሮ የሚያዩበት አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ያየን ባለሙያ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ኪንታሮት ነው፣ ልጆች ላይ የተለመደ ነው» ብሎ ማታ ማታ የሚቀባ የሚያቃጥል ጠብታ አዘዘ። 175 ዶላር ከፈልኩ። ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ነግሬዋለሁ እኮ! የወባ መድኃኒት ወስዶ እንደነበር ጠየቀኝ፣ በቃ።

እኔ ደግሞ «ሙጀሌ» የምትለዋን ቃል አፌ ላይ ስትደርስ ዋጥኳት። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። በእንግሊዝኛ ምን እንደምትባል አለማወቄ አንድ ነገር ነው። ግን ባውቀውም የምለው አይመስለኝም። ሐዋሳ ስማር ክፍላችን ውስጥ ተረከዙን እያነሳ የሚራመድ ልጅ ነበር። «ሙጀሌያሙ» ነበር የምንለው። እኔም እላለሁ። ስሙ ማን ነበር ብዬ ዛሬ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ፣ የቀረኝ ስድቡ ብቻ ነው።

ትናንት ማታ የናቲን ጥቁር ካልሲ ስገለብጥ ጣቱ ጋ ከሰሊጥ ያነሱ ነጫጭ ፍሬዎች ተለጥፈው አገኘሁ። ጸጉሬ ቆመ።

ሙጀሌ ነው አይደል? ከሆነ ራሴ በመርፌ ላውጣው? አክስቴ በስፒል ስታወጣልን ትዝ ይለኛል። ቤታችን ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነው፣ ያ ፍሬ እንቁላል ከሆነ ቤቱን ይወረዋል እንዴ? ጠብታውንስ ልቀጥል? ሁለት ቀን ቀብቼዋለሁ። እህቱ የ4 ዓመት ልጅ ናት፣ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። እባካችሁ የምታውቁ።


የዲላው

የኔ እህት ምን ያስጨንቅሻል? ላምባ ጠብ አድርጊበት፣ በማግስቱ ደርቆ ይወድቃል። እኛ እንዲያ ነው ያደግነው። ላምባ ከጠፋ ቤንዚንም ያው ነው። ሜሪላንድ ማደያ ጠፍቶ ነው? ለ175 ዶላሩ ግን አዘንኩ።


ነጭ ጋውን (ሐዋሳ)

የዲላው ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንተን ላስቁምህ። ቤንዚን ልጅ እግር ላይ አይደረግም። ላምባም አይደረግም። ጤና ጣቢያ ስሠራ ሙጀሌውን ትቼ ላምባ የላጠውን ቆዳ ሳክም የዋልኩበት ቀን አለ። ማታ ደግሞ እናትየው ኩራዝ ይዛ ልታይ ትጠጋለች። ከዚህ በላይ አልናገርም።

የናቲ እናት፣ አይዞሽ። ነርስ ነኝ። ሲዳማ ገጠር ጤና ጣቢያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። እግሩን ሳላይ እርግጡን መናገር አልችልም፣ የጻፍሽው ግን ሙጀሌ ነው የሚመስለው። ነጭ ክብ፣ መሃሉ ጥቁር ነጥብ፣ ከጥፍር ጎን፣ ሲያኩት የሚጣፍጥ። በዚያ ላይ ካልሲው። ኪንታሮት እንቁላል አይጥልም።

ሙጀሌ ቁንጫ ናት። አንድ ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። እንደ ሌላዋ ቁንጫ ነክሳ አትሄድም። ሴቷ በጭንቅላቷ ቆዳ ውስጥ ትገባና እዚያው ትቀራለች። ውጭ የሚቀረው የኋላ ጫፏ ነው፣ አንቺ እስክሪፕቶ ያልሽው ነጥብ። በእሱ ትተነፍሳለች፣ በእሱ ትጸዳዳለች፣ እንቁላሏን የምትጥለውም በእሱ ነው። አንዳንዴ ከነጥቡ ላይ ቡናማ ክር መሰል ነገር ሲወጣ ታያለሽ፣ ኩሷ ነው። ነጩ ክብ በእንቁላል የተነፋ ሆዷ ነው። ደም እየመጠጠች በሳምንት በሁለት ሳምንት አተር ታክላለች። ከገባች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ እዚያው ቆዳ ውስጥ ትሞታለች። ትልቁ ላይ ያየሽው ሙሉ ሥራ ላይ ያለችውን ነው። የተረከዙ ዘግይታ የገባች ትመስለኛለች።

«ታዲያ ከሞተች ለምን እናወጣለን?» ትይኝ ይሆናል። የገባችበት ቀዳዳ ክፍት በር ስለሆነ ነው። መግል ይይዛል፣ ጥፍር ያበላሻል። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው መንጋጋ ቆልፍ ነው። ናቲ እዚያው ተወልዶ ክትባቱን ተከታትሎ ከሆነ መልካም፣ ካርዱን ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ አሳይው። ቅላቱ ወደ እግሩ ላይ ከተስፋፋ፣ ቀይ መስመር ከወጣ፣ ትኩሳት ወይም ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጅው።

ራስሽ አታውጪው። አክስትሽን ንቄ አይደለም። በእሾህ የሚያወጡ የገጠር እናቶች እጅ ያላቸውን ብልሃት እኔ በመርፌ አላገኘሁትም። ግን እነሱ በመቶ የሚቆጠር አውጥተዋል፣ አንቺ የመጀመሪያሽ ነው፣ ልጁም የራስሽ ነው። እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ስትደነግጪ ትጨምቂዋለሽ። መጭመቅ ትልቁ ጥፋት ነው። ከረጢቷ ውስጥ ፈነዳች ማለት ግማሽ አካሏ እዚያው ይቀራል፣ ከዚያ ያመረቅዛል።

ሐኪሙ ሲያወጣ እንድታውቂው እኛ የምናደርገውን ልንገርሽ። እግሩን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እናስነክራለን፣ ቆዳው ይለሰልሳል። አዮዲን እንቀባለን። አዲስ መርፌ እንከፍታለን። ጥቁሩን ነጥብ አንወጋም። በዙሪያው ያለውን የሞተ ቆዳ ብቻ በመርፌው ጫፍ ቀስ እያልን እናላቅቃለን፣ የተቀቀለ ባቄላ ከገለፈቱ እንደሚለየው። ደም ከመጣ ቸኩለሻል ማለት ነው። ዙሪያው ሲለቅ ከረጢቷ ራሷ ብቅ ትላለች። ነጭ ናት፣ ትለሰልሳለች። በሙሉ ከወጣች ጣት ላይ የምትቀረው ጎድጓዳ ንጹሕ ሆና ትታያለች። ይታጠባል፣ የአንቲባዮቲክ ቅባት ይደረግበታል፣ ይሸፈናል። መርፌው ይጣላል። ይህን አጥብቄ የምለው አንድ ስፒል ለስድስት ልጅ ሲዞር ስላየሁ ነው። በዚያ ስፒል የጉበት ቫይረስም ኤች አይ ቪም አብሮ ይዞራል።

መርፌ ከፈራ ሌላም መንገድ አለ። ዲሜቲኮን የሚባል ዘይት አለ፣ በአንዳንድ ሀገር ለራስ ቅማል ይሸጣል። ጥቁሩ ነጥብ ላይ ጠብ ሲል የምትተነፍስበትን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ኬንያ ውስጥ ልጆች ላይ ተሞክሮ በ7 ቀን ውስጥ ከ100 ሙጀሌ 78ቱን ገድሏል። በዚያው ሙከራ ላይ ድሮ እግር የምናስነክርበት ፖታሺየም ፐርማንጋኔት 39 ላይ ነው የቀረው። ብዙ ሙጀሌ ላለበት ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው። የናቲ ግን ሁለት ናት፣ እኔ ብሆን አስወጣቸዋለሁ።

የኪንታሮቱን ጠብታ ዛሬውኑ አቁሚ። ቆዳውን ይበላል እንጂ ለእሷ ምኗም አይደለም።

ምንጣፉን አትፍሪ። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ለማደግ ሞቅ ያለ፣ ደረቅና ልል አፈር ይፈልጋል። ያያትሽ ግቢ ይመቸዋል። የሜሪላንድ ጥር አይመቸውም። ምንጣፉን በማሽን ጥረጊ፣ ካልሲና አንሶላውን በሙቅ ውሃ እጠቢ፣ ይበቃል። ከሰው ወደ ሰውም በቀጥታ አትተላለፍም። ግን ትንሿም እዚያው ግቢ ስትጫወት ነበር አይደል? የእሷን እግር በብርሃን እይ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ገለጥ አድርጊ። የራስሽንም እንዳትረሺ።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ የቆዳ ሐኪም ወይም ከጉዞ የሚመጣ በሽታ የሚያይ ክሊኒክ ፈልጊ። ወረቀት ላይ «ተንጊያሲስ» ብለሽ ጻፊለት፣ የቁንጫዋን ሳይንሳዊ ስም ከጠየቀሽ «ቱንጋ ፔኔትራንስ» ነው። ከዚያ እሱ ራሱ ያነባል።

ስለ ማፈርሽ፦ ወንሾ ወረዳን ታውቂዋለሽ፣ ከይርጋለም ሩቅ አይደለም። እዚያ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከታዩት ልጆች ከግማሽ በላይ ሙጀሌ እንዳለባቸው አግኝቷል። አንቺ 175 ዶላር ከፍለሽ ነው ያፈርሽው። እኔ ጋ የሚመጡት እናቶች የልጃቸውን እግር በነጠላ ጠቅልለው ነበር የሚገቡት።


የዲላው

እሺ ሲስተር፣ ቤንዚኗን አንስቻለሁ 🙏 ግን ኪኒን የለውም ወይ? ጅማ ሳለሁ በየዓመቱ በቁመት መለኪያ እንጨት እየለኩ የሚሰጡን ኪኒን ነበር። እሷን የዋጠ ሰው እከኩም ሁሉ ይለቀው ነበር።


ነጭ ጋውን (ሐዋሳ)

ኢቨርሜክቲን ናት። በጥቁር ዝንብ ለሚመጣው የዓይነ ስውርነት በሽታ ነው የሚያድሏት። ለእከክም ትሠራለች፣ ልክ ብለሃል። ሙጀሌ ላይ ግን ብራዚል ውስጥ በአፍ ተሰጥታ ተሞክራ ለውጥ አላመጣችም። ስለዚህ እህታችን ኪኒን ፍለጋ አትድከም።


ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ የናቲ እናት፣ የሕክምናውን ነገር ሲስተር ጨርሳዋለች። እኔ 31 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። ልጅሽም ይወደው ይሆናል።

ሙጀሌን ሁላችንም እንደ ኮሶ ትል የራሳችን አድርገናታል። ስድብ ሁሉ አበጅተንላታል። ነገር ግን እንግዳ ናት። አገሯ ደቡብ አሜሪካና የካሪቢያን ደሴቶች ነው። ወደ አፍሪካ በሰፊው የገባችው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። «ቶማስ ሚቸል» የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከብራዚል ተነሥታ አንጎላ ውስጥ አምብሪዝ የሚባል ወደብ ደረሰች። ጭነት ስላልነበራት እንዳትገለበጥ ሆዷን አሸዋ ሞልተዋት ነበር። ያንን አሸዋ ባሕር ዳር አራገፉት። የታመሙ መርከበኞችም ነበሩባት። ከዚያ በኋላ በነጋዴው፣ በተሸካሚው፣ በወታደሩ እግር አህጉሩን አቋርጣ በሃያ ሰላሳ ዓመት ውስጥ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ደረሰች።

እንግዲህ የእኛ አያት ቅድመ አያቶች «ይህች ደግሞ ከየት መጣች?» ሳይሉ አልቀሩም። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ነበሩ ቀድመው ቀና የሚሉት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ባዶ እግራቸውን የሚመጡት እነሱ ነበሩ።


ስቶክሆልም ያለሁት

ወሬ መቀላቀል ካልሆነብኝ የኔንም ልጻፍ። ከጉዞ ተመልሶ እግሩን ብቻ አይቶ የሚተው ሰው እንዳይኖር።

እኔ ያመጣሁት ቁንጭር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኩታበር፣ ደሴ አጠገብ፣ የእናቴ ዘመዶች ጋ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ደጋ ነው፣ ወባ የለም ብዬ አጎበር አልያዝኩም። ቤቱ ገደል ሥር ነው። ጧት ጧት ሽኮኮዎች ድንጋይ ላይ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ቡናዬን ይዤ እቀርጻቸው ነበር። ያ ቪዲዮ እስካሁን አለኝ።

ከተመለስኩ ከአራት ወር በኋላ ጉንጬ ላይ አንዲት እብጠት ወጣች። አታምም፣ አታሳክክ። ብጉር ነው ብዬ ተውኳት። ቀስ እያለች ሰፋች፣ መሃሏ ቅርፊት ያዘ። እዚህ ያየኝ ሐኪም ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ሲቀያይርልኝ ቆየ። በስልክ ለእናቴ ሳሳያት «የሌሊት ወፍ ሸንቶብህ ነው» አለችኝ፣ እኛ ሰፈር እንዲያ ነው የሚባለው። ከዚያ «ቁንጭር ነው ልጄ፣ አክስትህም ነበረባት» አለች። የበሽታውን ስም ከሐኪሙ በፊት ያገኘችው እሷ ናት።

በመጨረሻ ከዳሩ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው ላቦራቶሪ ላኩ። ሊሽማኒያ ሆነ። የአሸዋ ዝንብ ነው የሚያስተላልፈው። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፣ የምትነክሰው ማታ ነው፣ ድምፅም የላት። ተሐዋሲው የሚኖረው እነዚያው የቀረጽኳቸው ሽኮኮዎች ውስጥ ነው! ሕክምናው ቁስሉ ውስጥ በየሳምንቱ የሚወጋ መርፌ ነበር። ሲወጉኝ የወንበሩን እጀታ ይዤ እግዜርን እጠራ ነበር። ለወራት ከፈጀ በኋላ ዳነ፣ ጠባሳው ግን አለ።

የሀገራችን ዓይነት አንዳንድ ሰው ላይ በራሱ ይድናል፣ ግን ዓመታት ይፈጃል። ወደ አፍንጫና ከንፈር ከዘለቀ ወይም ፊት ሙሉ ከተሰራጨ ነገሩ ሌላ ነው፣ በመርፌና በኪኒን ሰውነት በሙሉ ይታከማል። ሀገር ቤት ያላችሁ አዲስ አበባ አለርት፣ ወሎ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያውቁታል። እኔ ቀድሜ ባውቅ እዚያው ሄጄ እታይ ነበር።

የናቲ እናት፣ ያንቺ ልጅ ነገር ቀላል ነው፣ አትጨነቂ። ግን በሰኔም በሐምሌም ቢሆን ፊቱ ላይ የማይድን ነገር ካየሽ ጥር ላይ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ መንገር እንዳትረሺ። እኔ አራት ወር ስላለፈው ጉዞውን ከነጭራሹ አላነሳሁትም ነበር።


የናቲ እናት (ሜሪላንድ)

ወገኖቼ፣ ሦስት ቀን ጠፋሁባችሁ። ወጣች!

የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ አገኘሁ። ሲስተርዬ እንዳልሽኝ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ገብቼ ወረቀቱን ከመስጠቴ በፊት ግን «በኛ ቋንቋ ሙጀሌ ይባላል» አልኳት፣ ጮክ ብዬ። ዶክተሯ እግሩን በማጉያ መነጽር አየችና ፊቷ በራ። እውነቴን ነው፣ ሎተሪ የደረሳት ነው የመሰለችው። መጽሐፍ ላይ እንጂ በሰው እግር አይታ አታውቅም። አስፈቅዳኝ ሦስት ተለማማጅ ሐኪሞች ጠራች። ናቲ ንጉሥ ሆኖ ዋለ።

ማደንዘዣ ትንሽ ወጋችው፣ ያቺ ነበረች ያስለቀሰችው። ከዚያ ሲስተርዬ እንደጻፍሽው ነው የሆነው፣ ዙሪያውን ዙሪያውን። እኔ አላይም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ናቲ ነው «ማሚ እዪ፣ ታፒዮካ ይመስላል!» ብሎ የመለሰኝ። በሙሉ ነው የወጣችው። የተረከዙ ትንሽ ስለነበረች ፈንድታባት በደንብ ጠረገችው። ክትባቱ ጊዜው አላለፈም ተባለ። ቅባት በቀን ሁለቴ። ዛሬ ጫማ አድርጎ ሮጧል።

የትንሿ እግር ንጹሕ ነው። የኔም። ባለቤቴ ከቤት ሳይወጣ የራሱን እግር ሁለቴ አስፈተሸኝ።

ላያቴ ደወልኩላት። ስንት እንደከፈልኩ ስነግራት ስልኩን ለጎረቤት ሁሉ አቀበለችው። «ለሙጀሌ? ለአንዲት ሙጀሌ? እኔን ብትጠሪኝ አይሻልም?» ትላለች። ከዚያ ዝም አለችና «ልጁ ሲያክ አይቼው ነበር እኮ፣ ባወጣለት ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ።

የዚያ የክፍሌ ልጅ ስም ደግሞ ዛሬ ሌሊት መጣልኝ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። እዚህ አልጽፈውም። ሐዋሳ ያሉትን የድሮ ጓደኞቼን የት እንዳለ አጠያይቁልኝ ብያቸዋለሁ።

መምህር፣ የመርከቧን ታሪክ ለናቲ አነበብኩለት። ዶክተሯ ከረጢቷን በትንሽ ብልቃጥ አልኮል ውስጥ አድርጋ ሰጥታው ነበር። ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። አስተማሪዋ ማታ ኢሜይል ላከችልኝ፣ «ናትናኤል ዛሬ ለክፍሉ ያቀረበው ነገር እውነት ነው?» ብላ። እውነት ነው አልኳት።


ጡረተኛው መምህር

ተባረኪ። የመርከቧን ስም ነገራቸው?


የናቲ እናት (ሜሪላንድ)

ረስቶታል ጋሼ። «የብራዚል ታይታኒክ» ነው ያላቸው።